ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ ቀን

ሂርጳ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሦስት ነገር ነበር፤ ማብራት፣ ማጥፋትና ቀን ማስተካከል። የሚኮራው በሦስተኛው ነው። ማብራትና ማጥፋቱንማ ማንም ያደርገዋል፤ አምፖልም ይበራል፣ ይጠፋል። ቀን ግን ዕውቀት ይጠይቃል፤ የቀን ዕውቀት ደግሞ ሂርጳ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ተዳፋቱ ላይ፣ የሰፈር ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚያንቀሳቅሱት ችግኝ ጣቢያ አለ፤ የዚያ ጥበቃ ነው። ከጥበቃነቱ ሌላ ችግኙም ሰፈሩም የሚጠጣባት ቡርቃ ሎኒ የምትባል ምንጭ አለች፤ የእሷ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። የአባቱ ከብቶች ይጠጡባት ስለነበር ስሟም የከብት ምንጭ ማለት ነው። እርሻው ሄዷል፣ ከብቶቹም ሄደዋል፤ እሷ ቀርታለች።

በልጅነቱ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ባሕረ ሐሳብ ስለተማረ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በምን ቀን እንደሚውል ሰው ካላንደር ሳይገልጥ እሱን ይጠይቃል። ፎርም የሚሞላ የሰፈር ወጣት ሁሉ የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ የሚያስቀይረው በእሱ ነው። ሂርጳ ወደ ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ቀና ይልና ከንፈሩን ሁለቴ አንቀሳቅሶ ይነግረዋል። ተሳስቶ አያውቅም።

የኮምፒውተሯን ቀን ማስተካከል የጀመረው አምና ነው። የቀድሞው ጸሐፊ ኤቢሳ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። ቀኑን የሞላችው ኮምፒውተሯ ራሷ ናት፤ የሞላችውም በፈረንጅ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ ይሄ ደብዳቤ እኮ ገና አልተጻፈም አባባ፣ ሲጻፍ ያምጡት አለችው። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሂርጳ የሰው መሳቂያ መሆን አይወድም፤ በቀን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ።

በማግስቱ ኤቢሳን አስቀምጦ አስተምረኝ አለው። ኤቢሳ ሥራውን ለቆ ታክሲ መንዳት ሳይጀምር በፊት ለሂርጳ ያወረሰው ይህንኑ ነው። የቱ ጋ እንደሚጫን፣ ኮምፒውተሯ ቀኑን በራሷ እንድትሞላ የሚያደርጋት ማብሪያ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ፓስወርዱ የቱ እንደሆነ፣ ሁሉም በቁጥር በቁጥር ተደርጎ በሂርጳ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ሂርጳ በየጠዋቱ ቢሮውን ይከፍታል፣ ያማትባል፣ ኮምፒውተሯን ያበራል፣ ሬዲዮው ሦስት ሰዓት ሲል ከእሷ ጋር ያስተያያል። ልክ ከሆነች ይተዋታል። ካልሆነች ያርማታል። ዓመቱን 2018 ይላል፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ይላል፣ ሰዓቱንም በእኛው ይሞላል። እሷም ብትሆን ዝም ብላ የምትታረም አልነበረችም። ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ላይ ካላለቀ ትላለች፤ ባለፈው ጳጉሜ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ብላ አምስት ቀን ሙሉ ተኳርፈው ከርመዋል። ሂርጳ ግን ታጋሽ ነው። ፈረንጅ አገር ተሠርታ የመጣች ናት፣ ቀስ በቀስ ትለምዳለች ይላል።

ጥቅምት አሥር ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከኤቢሳ በኋላ የተቀጠረችው ጸሐፊ ሰርክአዲስ ከስብሰባ መጥታ ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ተጣለች። ተዳፋቱ ላይ ሊታጠር የታሰበው የፓርክ አጥር ንድፍ ወጥቷል። ንድፉን የሠራው አማካሪ ምንጯን አላያትም፤ ቡርቃ ሎኒ ካርታው ላይ የለችም። ካርታ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ አጥር ለሚያጥር ሰው የለም ማለት ነው። መስመሩ በላይዋ ያልፋል። ጉዳዩን የያዘው ቢሮ የሰጠው ቀነ ገደብ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምንጯን፣ የሰዉን መንገድና የአጥሩን ምልክቶች ከሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ የሚያሳይ ዲጂታል ካርታ ከመጣ ይታያል፤ ካልመጣ ንድፉ እንዳለ ይጸድቃል።

ሂርጳ እንዲህ ያለውን ካርታ ማን ነው የሚሠራው ብሎ ጠየቀ። ሰርክአዲስ እኔ አለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር የተማረችው ቪዲዮ እያየች፣ ልጆቿ ከተኙ በኋላ ነው። የማኅበሩ ኮምፒውተር የምትሠራው ሊኑክስ በሚባል ነፃ ማስኬጃ ነው፤ ለሊኑክስ ደግሞ ኪውጂአይኤስ የሚባል የካርታ ሶፍትዌር በነፃ አለ። የሠሩት ሰዎች ለዓለም ሁሉ የተዉት ነው። ሂርጳ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ሠርቶ ለማያውቁት ሰው መተው ጽድቅ ነውና ማን እንደሆኑ ባያውቅም መረቃቸው።

ሰርክአዲስ የስልኳን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሯ አካፈለች፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች፣ ትዕዛዙን ጻፈች። ሂርጳ ከኋላዋ ቆሞ ነጫጭ ፊደላት ሲንጋጉ ያያል። ድንገት ቀጥ አሉ።

«ምን አለች?»

«እምቢ አለች።» ሰርክአዲስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ነው የምትለው። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።»

ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያልደረሰ ነገር አይገርመውም። «ታዲያ ያልደረሰውን ምን አጣደፈሽ፤ የደረሰውን አውርጂ እንጂ» አላት።

ሶፍትዌር እንደ ስንዴ አይደለም ብላ ልታስረዳው ሞከረች። ከሌላ ቦታ ለማውረድ ሞከረች። አጠፋች፣ አበራች። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ። ማክሰኞ ጠዋት ስትመለስም ቁጥሩ ያው ነበር። ሂርጳን ያሳሰበው ይኼ ነው።

«ትናንት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ፣ ዛሬም ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ? ቀን ከሆነማ አንድ እንኳ ይቀንሳል፣ ሰርኬ። ይሄ ሌላ ነገር ነው።»

ማክሰኞ የምክር ቀን ሆኖ ዋለ። ችግኝ የምታፈላው ጋዲሴ ኔትወርክ ነው ብላ ስልኩን በረጅም እንጨት ጫፍ አሳስራ ሰቀለችው። ሰርክአዲስ ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወልላት እንጨቱን እንደ ሰንደቅ ዓላማ እያወረደች ታነሳ ነበር። ማዳበሪያ ያመጣ ሾፌር ደግሞ ከፍታው ነው፣ የእኔም መኪና እዚህ ላይ ስትወጣ ታፍናለች አለ። ሂርጳ በበኩሉ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ጸበል አወጣ። ሰርክአዲስ በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ እንዳይረጭ ለመነችው፤ ተደራድረው በሩ ላይና እሷ ግንባር ላይ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ረቡዕ ዕለት ኮምፒውተሯን መገናኛ ይዘው ወረዱ። ሂርጳ ሣጥኗን በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፏት ተቀመጠ። አጠገቡ ያለች ሴትዮ ጥቅሉን አይታ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀችው። ሂርጳ የሚሰጧትን ሁሉ አልቀበልም ብላ ነው፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው አላት። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና እግዚአብሔር ይማራት አለች። ሂርጳም አሜን አለ፤ ለጸሎት እምቢ አይባልም። ሰርክአዲስ እስከ መገናኛ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ነበር።

ባለሙያው ሀሚድ ይባላል። ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ በሽቦና በተፈቱ ማሽኖች የተሞላች ጠባብ ሱቅ አለችው። ሃምሳን የተጠጋ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ማሽን እየፈታ የተማረ ሰው ነው። ሰርክአዲስ ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ስትነግረው አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጣትም። ሂርጳ በዚህ ወደደው። የሚያዳምጥ ሐኪም ግማሽ መድኃኒት ነው።

ሀሚድ ኮምፒውተሯን ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኝቶ፣ ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ ትንሽ ጎረጎረ። ከዚያ ሣጥኗን ከፈተና ሳንቲም የምታህል ባትሪ አወጣ። ሞታለች አለ። ይቺ ስትሞት ማሽኑ ቀን ይጠፋበታል፣ የዛሬ ስንት ዓመት ላይ ሄዶ ይቆማል፣ ይሄው እሱ ነው።

ሂርጳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለካስ በየጠዋቱ የምትሳሳተው ወድዳ አይደለም። እኔም እኮ ዓመት ሙሉ ስደክምባት ነው ሊለው አፉን ከፈተ። ነገር ግን ሰው የራሱን ሥራ ሲያወራ መኩራራት ይሆንበታል፤ ቀኝ እጅህ የሠራውን ግራው አይወቅ የሚለው ትዝ አለውና ዝም አለ። ለኋላው ሁሉ መዘዝ ይህች ትሕትና ነበረች።

ሀሚድ አዲስ ባትሪ ከተተ፣ ቀኑን ሞላ፣ ትዕዛዙን ጻፈ። ፊደላቱ ሳይቆሙ ነጎዱ። ሻይ ታዞ፣ ሻይ መጥቶ፣ ሻይ ሳያልቅ ኪውጂአይኤስ ተጭኖ ተከፈተ። ሀሚድ የሳተላይቱን ምስል ጠራና ወደ እንጦጦ ወሰዳቸው። ሂርጳ ሰፈሩን ከላይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ መላእክት እኛን የሚያዩን እንዲህ ነው ማለት ነው ብሎ አሰበ። የችግኝ ጣቢያውን ጥቁር መረብ አገኘ፣ የራሱን ቆርቆሮ አገኘ። ምንጯ ግን ዛፍ ሸፍኗት አትታይም። አማካሪውም ያላያት ለዚህ ነው። ሀሚድ ቀላል ነው አላቸው። በስልክ ከቦታው ላይ ቆማችሁ ነጥብ ያዙ፣ ነጥቡን እዚህ ምስል ላይ አስቀምጡ፣ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት ሂርጳ ቢሮውን ከፈተ፣ አማተበ፣ ኮምፒውተሯን አበራ። ያየውን ማመን አቃተው። ሦስት ሰዓት መሆን ሲገባው ዘጠኝ ትላለች፤ ወሩ አሥር፣ ዓመቱ 2025። ዓመት ሙሉ ያስተማራት በአንድ ቀን ጠፍቷል። አያድርስ ነው፤ መገናኛ የወረደ ሁሉ የፈረንጅ ጠባይ ይዞ ይመለሳል። ሀሚድን ግን አልተቀየመውም፤ ለባትሪ እንጂ ለቀን ባለሙያ አይደለም። ደብተሩን አወጣ፣ ቀን የሚሞላላትን ማብሪያ አጠፋ፣ ከቁጥር አንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን አንድ በአንድ ፈጽሞ አረማት። ጥቅምት 13፣ 2018፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከዚያ ቆልፎ ሰርክአዲስን ይዞ ወደ ምንጯ ወጣ።

አምስት ሰዓት ያህል ተዘዋወሩ። ቡርቃ ሎኒ ዳር ቆመው ነጥብ ያዙ፤ ለአጥሩ ምልክት ቀይ ቀለም የተቀቡትን ዛፎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነጥብ ያዙ። ቀዩ ቀለም ምንጯን ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ጄሪካን የያዙ ሴቶች ምን እያደረጋችሁ ነው ሲሏቸው፣ ሂርጳ ለምንጯ መታወቂያ እያወጣንላት ነው አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሰርክአዲስ ኪውጂአይኤስን ከፈተች። ነጥቦቹ ገቡ። የሳተላይቱ ምስል ግን የለም፤ ነጭ ወረቀት ላይ የተበተነ ምስር ይመስላል። ዛፍ የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ እንጦጦም የለ። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ የሰኞውን ትዕዛዝ ጻፈች። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ።

ሀሚድ ጋ ደወለች፤ ሂርጳም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሀሚድ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ቀስ ብሎ ጠየቀ። ኢንተርኔቱ አለ ወይ? አለ። ሌላ ነገር ተነካክቷል ወይ? የነካ የለም።

«ቀኑስ?» አለ ሀሚድ። «ባትሪው ከድቶኝ እንዳይሆን። የኮምፒውተሯ ቀን ልክ ነው?»

ሰርክአዲስ ወደ ሂርጳ ዞረች። በቀን ጉዳይ ማን ይጠየቃል?

«ልክ ነው» አለ ሂርጳ፣ ድምፁ ስልኩ ውስጥ እንዲገባ ጎንበስ ብሎ። «ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ አስተያይቼዋለሁ። ደቂቃ አትዛነፍም።»

ሀሚድ ይህን የመሰለ ምስክር ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን ተወው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ሙሉ በሌላው በር ሁሉ አስኳኳቸው። ይህን ዝጉ፣ ያንን ክፈቱ፣ ይህን ጻፉ፣ ያነበባችሁትን ንገሩኝ። ሰርክአዲስ ጻፈች፣ አነበበች፣ በመጨረሻ ድምጿ ሰለለ። ስክሪኑ እንደነጣ ቀረ።

ሀሚድ ነገ ራሴ እመጣለሁ አለ። ጁምዓ ስላለ ግን በጠዋት ነው የምመጣው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተፈታ ዕድላችን አይደለም።

ዓርብ፣ ሂርጳ የቢሮውን ቁልፍ ሲያዞር ሀሚድ ዳገቱን ጨርሶ እያለከለከ ደረሰ። ሰርክአዲስ ገና አልመጣችም። ሂርጳ ለእንግዳው የአግዳሚውን አቧራ ጠርጎለት ሥራውን ቀጠለ። አማተበ፣ አበራ፣ ሬዲዮውን ከፈተ። ኮምፒውተሯን ሁለት ደቂቃ ዘግይታ አገኛት። ደብተሩን አወጣ፤ እንግዳ ስላለ ዛሬ ትንሽ ቀልጠፍ ብሎ ነው። የቀኑ ገጽ ተከፈተ፤ 2018፣ ሁለተኛ ወር፣ አሥራ አራት። ሁለቱን ደቂቃ ጨመረና ወደ ኋላው ዞረ።

ሀሚድ ከአግዳሚው ተነስቶ ከትከሻው ኋላ ቆሟል። አልሳቀም።

«ጋሽ ሂርጳ፣ ይሄን በየቀኑ ያደርጉታል?»

«ከዓመት በላይ አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም።»

«ትናንትም?»

«ትናንትማ ብሶባት ነበር። አንተ ጋ ውላ መጥታ ዓመቱም ወሩም ጠፍቶባት ነው ያገኘኋት።»

ሀሚድ መልሶ ተቀመጠ። ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ ትንሽ ቆየና፣ እርስዎ ጥበቃ ነዎት አይደል፣ በበሩ ሲገባ መታወቂያ ያያሉ አይደል ብሎ ጠየቀው። ሂርጳ ሥራዬ ነው አለ።

«እሺ። አንድ ሰው መታወቂያውን ሰጠዎት። ገልጠው ሲያዩት የተሰጠበት ቀን ገና ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ አላስገባውማ። ፎርጅድ ነው።»

«ቢለምንዎትስ?»

«ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ይቺም ያንኑ ነው ያደረገችው» አለ ሀሚድ፣ ወደ ኮምፒውተሯ በአገጩ እያመለከተ። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ሁሉ መታወቂያ ይዞ ነው የሚመጣው። መታወቂያው ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው። እሷ ደግሞ ዛሬ ስንት ነው ስትባል 2018 ነው የምታውቀው። ስንት ቀን ቀረው ነበር ያለችው?»

ሂርጳ በክፍቱ በር ወደ ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ቀና ብሎ ነበር። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ። ሰባት ዓመት ያነሳለታል። የቀረው ስምንት ወር ይሆናል። ከዚያም አሥር ቀን ይተርፋል። ሰባት ዓመት፣ ስምንት ወር፣ አሥር ቀን። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በልደቱ ላይ ሲደምርለት የኖረው ቁጥር ነው፤ እንደ ራሱ ስም ያውቀዋል። አራት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጠራው፣ እሱ ግን ሊያውቀው አልቻለም።

«ያ ዋቃ» አለ፣ በአፉ ውስጥ አምላኩን እየጠራ። «ለካ እሷ አይደለችም።»

ሀሚድ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ኮምፒውተሯም አስተማሪዋም ልክ ናቸው፣ ካላንደራቸው ነው የተለያየው አለው። ቀኑን መለሰ፣ ቀን የሚሞላላትንም ማብሪያ አበራ። ኮምፒውተሯ የፈለገችውን ትቁጠር፤ የደብዳቤው ቀን በእጅ ይጻፋል።

ሰርክአዲስ ስትገባ እንጦጦ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ምን ሆኖ ነው አለች። ሀሚድ ወደ ሂርጳ አየ። ሂርጳ ወደ መሬት አየ። ሀሚድ ቀኑ ነበር ብሎ ብቻ ዝም አለ፤ እሷም ያው ባትሪው ነዋ ብላ ወንበሯን ሳበች። ጊዜ አልነበራትም። ሂርጳም ሊያርማት አሰበ፣ ነገር ግን እጇ እየሠራ ነበር፤ ከዚያ ሻይ ሊያፈላ ወጣ፤ ከዚያ ሀሚድን እስከ አስፋልቱ ሸኘ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይናገር ቀረ።

ካርታው ስምንት ሰዓት ሲል አለቀ። ፍላሽ ላይ ገለበጡት፣ በወረቀትም አተሙት፣ ታክሲ ተሳፈሩ። ቢሮው የደረሱት ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸው ነው። ፋኑኤል የሚባለው ባለሙያ ፍላሹን ሰክቶ ካርታውን ከፈተና ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። አጉልቶ አየ፣ እንደገና አጎላ። የአጥሩ መስመር ልክ በምንጯ ዓይን ላይ ያልፋል። ጥሩ ሥራ ነው አለ። ግን ለምን እስከዚህ ሰዓት ዘገያችሁ? ነገሩ ሊዘጋ ነበር፤ የመዘግየቱን ምክንያት በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለብኝ።

ሰርክአዲስ ኮምፒውተራችን ተበላሽቶ ነው አለች። መገናኛ አንድ ባለሙያ የማይረባ ባትሪ ሸጦልን፣ በማግስቱ ሞተብን።

«የትኛው ነው?» አለ ፋኑኤል ብዕሩን አንስቶ። «ስሙን ንገሪኝ፤ ሌላም ሰው እንዳይሄድ።»

ሂርጳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሀሚድ ዳገቱን በነፃ ወጥቶ ወርዶ አሁን ሱቁ ውስጥ የሰው ማሽን ያዳምጣል። የማያውቀው ወረቀት ላይ ስሙ ሊጠፋ ነው። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ካርታው ቀን በማያውቁ ሰዎች የተሠራ ነው ተብሎ ቢመለስስ? ቡርቃ ሎኒ በእሱ አፍ ልትታጠር ነው። በልቡ አንድ ቃል ጸለየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባትሪው ደህና ነው» አለ። «ባለሙያውም ደህና ሰው ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ተናገረ። ደብተሩን አውጥቶ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን አነበበ። በየጠዋቱ እንዴት እንደሚያርማት፣ ሐሙስ ዕለት በስልክ ልክ ነው ብሎ የመሰከረው እሱ መሆኑን፣ የሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኙን ሒሳብ ሳይቀር ነገራቸው። ሰርክአዲስ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እንጨት ጫፍ ላይ የተሰቀለው ስልኳ፣ ግንባሯ ላይ የተረጨው ጸበል፣ ሚኒባሱ፣ ሁሉም በፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ ይታያል።

ፋኑኤል መሳቅ ጀመረ። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፣ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ሂርጳ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ የዚህኛው ሳቅ ይገባዋል። በመካከል ግን ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ፋኑኤል ወደ ክፍሉ ጥግ፣ ጨርቅ ወደ ለበሰች አንዲት ኮምፒውተር ዞሮ ነበር።

«ያቺ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከመስከረም ጀምሮ አንድም ድረ ገጽ አልከፍትም ብላ ተቀምጣለች። ሁለት ባለሙያ አይቷት ሄዷል።»

«ጠዋት ጠዋት የሚያበራት ማን ነው?» አለ ሂርጳ።

«መዝገብ ቤት ያሉ እማማ ዘርትሁን። በጣም ጠንቃቃ ሴት ናቸው።»

ሂርጳ ቀና ብሎ ፋኑኤልን አየው። ሌላ ቃል አላስፈለገም። ጨርቁን ራሱ አነሳ፣ አማተበ፣ አበራት። እሷም 2018፣ ሁለተኛ ወር ላይ ቆማ አገኛት። ደብተሩን ከዘጠኝ ወደ አንድ እየቆጠረ፣ በግልባጩ ሠራው። ፋኑኤል አንድ ድረ ገጽ ጠራ፤ ተከፈተ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ካርታው ላይ ማኅተም መታ፣ ከምክንያቱ ቦታ «የቴክኒክ ችግር» ብሎ ጻፈ፣ የሰዎች ስም አልጨመረም። እማማ ዘርትሁንን ማን ይንገራቸው የሚለው ላይ ግን ሳይስማሙ ተለያዩ።

ሲወጡ ሰርክአዲስ ፊት ፊቱን ሄደች። ታክሲ ወረፋ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። በመጨረሻ፣ «ጋሽ ሂርጳ» አለች።

«አቤት።»

«ልክ ነው ብለውት ነበር እኮ። ደቂቃ አትዛነፍም ብለው።»

«አልተዛነፈችም ነበር» አለ ሂርጳ።

መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር። ከዚያ አልቻለችም፤ ትከሻው ላይ ተደግፋ እስክትንሰቀሰቅ ሳቀች። ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች ሐዘን መስሏቸው መንገድ ለቀቁላቸው፤ በዚህም ሰበብ ቀድመው ተሳፈሩ።

አጥሩ ኅዳር ላይ ታጠረ። ከላይ ከዳገቱ ቀጥ ብሎ ይወርድና ቡርቃ ሎኒ ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ምንጯንና መንገዷን በውጭ ትቶ ይዞርና እንደገና ቀጥ ይላል። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ የሚሮጡ ሰዎች እዚያ ጋ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። አንዳንዱ አጥሩን አይቶ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ተጣመመ ብሎ ይጠይቃል። ሂርጳ ውሃ ስላለ ነው ይላል። ሰርክአዲስ በአካባቢው ካለች ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርክላቸዋለች፤ እሱ ያን ጊዜ ጄሪካኑን አንስቶ ችግኝ ሊያጠጣ ይሄዳል።